ያውቁ ኖሯል? ከፒያኖ ክዳን ሥር ያለው ሽቦ

88 ቁልፎች ያሉት ፒያኖ ከክዳኑ ሥር ከ220 እስከ 240 የሚደርሱ አውታሮች እንዳሉት ያውቁ ኖሯል? ቀጭን ድምፅ የሚሰጡት ቁልፎች እያንዳንዳቸው ሦስት አውታር አላቸው። ወደ ወፍራሙ ድምፅ ሲወረድ ሁለት ሁለት ይሆናሉ፤ መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት ባሶች ደግሞ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ያረጀ ፒያኖ አውታሩ ሲለወጥ እነዚህ ሁሉ ተፈትተው በአዲስ ይተካሉ። የትኛው ሽቦ የት ይግባ የሚለው ውሳኔ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሚሰማውን ድምፅ ይወስናል። አብዛኛው የፒያኖ ባለቤት ግን ስለ ክዳኑ ቀለምና ስለ ቁልፎቹ ንጣት እንጂ ስለ ሽቦው አይጠይቅም። መጠየቅ ይገባዋል፤ የዛሬው ዓምድም ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንዱ አውታር ብቻውን ከ70 እስከ 90 ኪሎ በሚደርስ ኃይል ተወጥሮ እንደሚኖር ያውቁ ኖሯል? የሁሉም ውጥረት ሲደመር 18 ቶን ገደማ ይሆናል፤ በትልልቆቹ የኮንሰርት ፒያኖዎች ላይ 20 ቶን ይደርሳል። ቢጫወቱበትም ባይጫወቱበትም ይህ ኃይል ቀንም ሌሊትም አይላላም። ሸክሙን የሚችለው ከእንጨቱ ጋር የታሰረው የጊዛ ብረት ማዕቀፍ ነው። በአንድ ወጥ የፈሰሰውን ማዕቀፍ የቦስተኑ ሠሪ አልፊየስ ባብኮክ በ1825 በፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ በ1843 ደግሞ የዚያው ከተማ ሰው ጆናስ ቺከሪንግ ለአግዳሚው ፒያኖ የሚሆነውን አስመዘገበ። ከዚያ ቀደም ሸክሙ በአብዛኛው በእንጨቱ ላይ ስለነበር ሽቦው ቀጭን፣ ውጥረቱም ልል ነበር።

የፒያኖ ሽቦ በቁጥር እንደሚሸጥ ያውቁ ኖሯል? 13 ቁጥር 0.775 ሚሊ ሜትር፣ 16 ቁጥር 0.925፣ 20 ቁጥር ደግሞ 1.125 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። በየመካከሉ ግማሽ ቁጥሮች አሉ። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ግማሽ ቁጥር ያለው ልዩነት 0.025 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሰው ፀጉር ውፍረት እንኳ ያንሳል።

ታዲያ ይህቺ ታህል ልዩነት ምን ታመጣለች? ሒሳቡን እንሥራው። ከመካከለኛው ዶ በላይ ያለችውን ላ የምታሰማ፣ 40 ሴንቲ ሜትር የምትረዝምና 1 ሚሊ ሜትር የምትወፍር አውታር በሰከንድ 440 ጊዜ እንድትርገበገብ 78 ኪሎ ያህል ውጥረት ያስፈልጋታል። ሽቦዋ በግማሽ ቁጥር ብቻ ቢወፍር ውጥረቱ 82 ኪሎ ይሆናል። ለአንዲት አውታር አራት ኪሎ ምንም ላይመስል ይችላል። ሁሉም አውታሮች በግማሽ ቁጥር ቢወፍሩ ግን ማዕቀፉ ላይ የሚጨመረው ሸክም ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። በግምት ሽቦ መምረጥ የማይገባው ለዚህ ነው።

በአሜሪካው የኤሌክትሪክ ሽቦ መለኪያ ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል። የፒያኖ ሽቦ ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ይወፍራል። በዚያ ላይ በድሮ ዘመን አምራቾች የየራሳቸው ሠንጠረዥ ስለነበራቸው የአንዱ 16 ቁጥር ከሌላው 16 ቁጥር ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። በአሮጌ ፒያኖ ላይ አውታሮቹ ከሚያርፉበት ብርኩማ አጠገብ የተጻፉ ቁጥሮች ካሉ ጥሩ ፍንጭ ናቸው፤ የመጨረሻው ዳኛ ግን ማይክሮሜትር ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ ላይ ደረስን። ወፍራም ሽቦ ከቀጭኑ ይልቅ ለመበጠስ እንደማይከብድ ያውቁ ኖሯል? በአንድ ቦታ ላይ ያለ አውታር ሁለት ሦስት ጊዜ ከተበጠሰ ባለቤቱ “ወፈር ያለ ይግባበት” ማለቱ የተለመደ ነው። ሐሳቡ ጤናማ ይመስላል፤ ውጤት ግን የለውም። ሽቦው ሲወፍር ጥንካሬው ይጨምራል፤ ነገር ግን ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ የሚያስፈልገው ውጥረትም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሁለቱ እኩል ስለሚያድጉ ሽቦው ለመበጠስ ያለው ቅርበት ባለበት ይቀራል። እንዲያውም ቀጭኑ ሽቦ ሲሠራ በጠባብ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ስለተሳበ በስፋቱ ልክ ሲሰላ ከወፍራሙ ትንሽ ይጠነክራል።

አንድ አውታር ለመበጠስ ምን ያህል እንደተቃረበ የሚወስኑት ርዝመቱና የድምፁ ከፍታ ናቸው። በፒያኖው ቀኝ ጫፍ ያለችው የመጨረሻዋ ዶ የምትርገበገበው በሰከንድ 4,186 ጊዜ ነው፤ የሚርገበገበው የአውታሯ ክፍል ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እሷ ከመበጠሻ ኃይሏ ወደ 60 በመቶ በሚሆነው ተወጥራ ትኖራለች። በፒያኖው መካከል ያሉት ግን ከግማሽ በታች ናቸው። ስለዚህ በአንድ ቦታ ላይ አውታር እየደጋገመ ከተበጠሰ ሌላ ሰበብ ይፈለግ፦ ሽቦው የሚታጠፍበት ቦታ ዝጓል? የሚያርፍበት ብረት ስል ጠርዝ አበጅቷል? የመዶሻው ፀጉራም ልባስ ተመትቶ ተመትቶ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ በአንዱ ይገኛል።

የዚህ ሁሉ ሒሳብ መሠረት የተጣለው ፒያኖ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ማረን መርሰን የተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ በ1636 ባሳተመው መጽሐፍ የአውታር ድምፅ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ እንዴት እንደሚወሰን በቁጥር አስቀመጠ። ፒያኖ የተሠራው በ1700 አካባቢ ነው፤ ሠሪውም የፍሎረንሱ ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ነው። ከእሱ እጅ የወጡ ሦስት ፒያኖዎች እስከ ዛሬ አሉ። የ1720ው ኒውዮርክ፣ የ1722ቱ ሮም፣ የ1726ቱ ላይፕሲግ ይገኛሉ። የክሪስቶፎሪ ፒያኖ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ሁለት አውታር ነበረው።

ለባሱ ወፍራም ድምፅ ለመስጠት ርዝመት ብቻ ቢጠቀሙ ኖሮ የመጨረሻዋ አውታር 8 ሜትር ያህል ትረዝም እንደነበር ያውቁ ኖሯል? አንድ አውታር ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ከ5 ሴንቲ ሜትሯ ዶ ተነሥተን ሰባት ኦክታቭና ጥቂት እየወረድን በየኦክታቩ ርዝመቱን እጥፍ ብናደርግ፣ በሰከንድ 27.5 ጊዜ የምትርገበገበው የታችኛዋ ላ ዘንድ ስንደርስ ወደ 8 ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ያለ ፒያኖ የሚገባበት ቤት የለም። የስታይንዌይ ትልቁ የኮንሰርት ፒያኖ በሙሉ 2 ሜትር ከ74 ነው፤ የጣሊያኑ ፋጺዮሊ ትልቁ ሞዴል እንኳ 3 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር ነው።

ውጥረቱን ማላላትም አማራጭ አይሆንም፤ የላላ አውታር ድምፁ ይዝረከረካል። ሽቦውን ዝም ብሎ ማወፈርም አይበጅም፤ በጣም የወፈረ ሽቦ ግትር ስለሚሆን እንደ አውታር መርገብገቡን ትቶ እንደ ብረት ዘንግ መሆን ይጀምራል። የቀረው መንገድ ክብደቱን ጨምሮ ግትርነቱን አለመጨመር ነው። የባስ አውታር የሚሠራው በዚህ ብልሃት ነው። ከውስጥ ውጥረቱን የሚሸከም የአረብ ብረት ሽቦ ይገባል፤ በላዩ ላይ መዳብ ይጠመጠማል። መዳቡ ውጥረት አይሸከምም፤ ሥራው መክበድ ብቻ ነው። በአጫጭር ፒያኖዎች የመጨረሻዎቹ ባሶች ላይ አንድ ጥምጥም ስለማይበቃ በመዳብ ላይ ሌላ መዳብ ይደረባል።

ለምን መዳብ? ከባድ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ እንደ ብረት አይዝግም። በአንዳንድ አሮጌ ፒያኖዎች ላይ የብረት ጥምጥም ያለባቸው ባሶች ይገኛሉ። እነዚህን በዚያው ውፍረት በመዳብ መተካት ስሕተት ነው፤ መዳብ ከብረት በ14 በመቶ ያህል ስለሚከብድ ውጥረቱ ከታሰበለት በላይ ይሄዳል። ወይ በብረት ይተካ፣ ወይ ለመዳቡ አዲስ ሒሳብ ይሠራ።

የውስጥ ሽቦው ሁልጊዜ ክብ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ዛሬ ብዙዎቹ የባስ አውታሮች ባለ ስድስት ማዕዘን የውስጥ ሽቦ አላቸው። ማዕዘኖቹ መዳቡን ነክሰው ስለሚይዙት ጥምጥሙ አይላላም። ክብ የውስጥ ሽቦ የቀድሞው ወግ ነው፤ መዳቡ እንዳይንሸራተት ሽቦው በጥምጥሙ ጫፎች ላይ ጠፍጠፍ ይደረጋል። ክብ ሽቦን የሚወዱ ሠሪዎች ድምፁ ይጠራል ይላሉ፤ ባለ ስድስት ማዕዘኑን የሚመርጡት ደግሞ አስተማማኝነቱን ያስቀድማሉ። በእኔ ግምት ፒያኖው ሲሠራ ክብ ከነበረበት ክብ ይመለስለት፤ ግን ጠምጣሚው ክብ ሽቦ የለመደ ባለሙያ መሆኑ ይረጋገጥ። ባልለመደ እጅ የተጠመጠመ ክብ አውታር ዓመት ሳይሞላው ጥምጥሙ ሊላላ ይችላል።

የባስ አውታር ዛሬም በአብዛኛው በሰው እጅ ይጠመጠማል። ማሽኑ የውስጥ ሽቦውን በፍጥነት ያሽከረክራል፤ መዳቡን በጣቶቹ ይዞ የሚመራው ግን ሰው ነው። የጥምጥሙ ጥብቀት ያለው በጣቶቹ ስሜት ላይ ነው።

አዲስ የባስ አውታር ከመታሰሩ በፊት በመዳቡ አቅጣጫ አንድ ዙር ያህል ይጠመዘዛል። ይህ ጥምጥሙን ያጠብቀዋል። ይህን የዘለለ ሰው በኋላ “ዝዝዝ” የሚል አውታር ይጠብቀዋል።

አሁን ስለ ሽቦው ዘር እናውራ። የመጀመሪያዎቹ ፒያኖዎች የአረብ ብረት ሽቦ እንዳልነበራቸው ያውቁ ኖሯል? ላይኛው ለስላሳ የብረት ሽቦ፣ ታችኛው ነሐስ ነበር። ቶማስ ብሮድዉድ በ1817 ከለንደን ለቤትሆቨን የላከለት ፒያኖ ስድስት ኦክታቭ ብቻ ነበረው፤ ቤትሆቨን መስማት እየተሳነው ሲሄድ በኃይል ስለሚመታው ቤቱን የጎበኙ ሰዎች ብዙ የተበጣጠሱ አውታሮች አይተውበታል። መሣሪያው በኋላ የፒያኖ ተጫዋቹ የፍራንዝ ሊስት ንብረት ሆነ፤ ዛሬ ቡዳፔስት በሃንጋሪ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ሊስት ራሱም በኮንሰርት መካከል አውታር በመበጠስ የታወቀ ነበር።

ጠንካራ ሽቦ የመጣው ከበርሚንግሃም፣ ከቪየናና ከኑረንበርግ ነው። በርሚንግሃም ዌብስተርና ሆርስፎል፣ ቪየና ማርቲን ሚለር፣ ኑረንበርግ ደግሞ ሞሪትዝ ፖልማን በየተራ እየተፎካከሩ ሽቦውን አጠነከሩት። በ1854 ጄምስ ሆርስፎል አረብ ብረትን ከመሳቡ በፊት በሙቀት የሚያዘጋጅበትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። ዛሬም የፒያኖ ሽቦ ከሚያልፍባቸው ደረጃዎች ዋነኛው ይህ ዘዴ ነው። ሽቦው በሙቀት ከተዘጋጀ በኋላ ሳይሞቅ በጠባብ ቀዳዳዎች እየተሳበ ይቀጥናል፤ በተሳበ ቁጥርም ይጠነክራል።

በ1866 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር አውሮፓንና አሜሪካን ያገናኘው የቴሌግራፍ ገመድ የለበሰው ጠንካራ ሽቦ ከዚሁ ከዌብስተርና ሆርስፎል ፋብሪካ የወጣ ነበር። በ1872 ደግሞ ሎርድ ኬልቪን በሚለው ማዕረጉ የሚታወቀው ዊልያም ቶምሰን የባሕር ጥልቀትን ለመለካት በከባዱ የቃጫ ገመድ ፈንታ የፒያኖ ሽቦ ተጠቀመ፤ ቀጭኑ ሽቦ ውኃውን በቀላሉ እየሰነጠቀ ስለሚወርድ መለኪያው ፈጣን ሆነ። የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖችም ክንፎቻቸው በፒያኖ ሽቦ ተወጥረው ይበሩ ነበር።

በዛሬው ገበያ በፒያኖ አዳሾች ዘንድ ስማቸው ከሚነሣው መካከል የጀርመኑ ሮስላው፣ በአሜሪካ ቴነሲ ያለው ሜፕስና የፈረንሳዩ ስቴፈን ፖሌሎ ይገኙበታል። የፖሌሎ ሐሳብ ለየት ይላል። እሱ አንድ ጥንካሬ ያለው ሽቦ ከላይ እስከ ታች አይበጅም ባይ ነው። ሽቦ ከጥንካሬው ጋር የሚመጣጠን ውጥረት ሲያገኝ ነው ድምፁ የሚያምረው በሚል፣ ውጥረቱ ለበዛበት ቦታ ጠንካራ፣ ውጥረቱ ለላላበት ቦታ ደግሞ ለዘብ ያለ ሽቦ አዘጋጅቷል። ባለ 102 ቁልፍ ፒያኖ የሠራውም እሱ ነው።

ይህ ሐሳብ በተለይ ለአሮጌ ፒያኖ ይጠቅማል። በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ የተሠራ መሣሪያ የታሰበው ለለስላሳ ብረት ነው። የዛሬው ጠንካራ ሽቦ ይታሰርበታል፤ ድምፁ ግን የዘመኑ አይሆንም። ለእነዚህ መሣሪያዎች ተብሎ የሚሠራ ለስላሳ ሽቦ ስላለ እሱን ፈልጎ ማግኘት ይገባል።

ትንሽ ፒያኖ ላይ ከባሱ ቀጥሎ ያሉት ጥቂት ድምፆች ለምን ደካማ እንደሚሆኑ ያውቁ ኖሯል? ጥምጥም ያለባቸው ባሶች አልቀው ያልተጠመጠመ ሽቦ የሚጀምርበት ቦታ የፒያኖው ፈታኝ ድንበር ነው። በአጭር ፒያኖ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ባዶ ሽቦዎች የሚገባቸውን ርዝመት ስለማያገኙ ወፍረውና ላልተው ይቀመጣሉ። ላልተው ስለሚቀመጡም አየሩ በተለወጠ ቁጥር ከሌሎቹ ቀድመው ከቅኝት ይወጣሉ። አውታሩ ሲለወጥ ጥሩ ባለሙያ እነዚህን ሦስት አራት ድምፆች ቀጭን ጥምጥም ባላቸው አውታሮች ይተካቸዋል። ፋብሪካው የሠራውን መለወጥ ድፍረት የሚመስለው ይኖራል፤ በዚህ ቦታ ላይ ግን ድፍረቱ ተገቢ ነው።

ፒያኖ ቃኚ ከፍተኛ ድምፆችን ከሒሳቡ ትንሽ አስበልጦ፣ ባሶቹን ደግሞ ትንሽ አሳንሶ እንደሚቃኝ ያውቁ ኖሯል? ምክንያቱ የሽቦው ግትርነት ነው። ከዋናው ድምፅ በላይ የሚሰሙት ረቂቅ ድምፆች በግትርነቱ ምክንያት ከሚጠበቀው ትንሽ ከፍ ይላሉ፤ ቃኚው ጆሮ እንዲስማማው ኦክታቩን ይለጥጠዋል። ኦ. ኤል. ሬይልስባክ የተባለ አጥኚ ይህን ልጠጣ ለክቶ ያወጣው በ1938 ሲሆን ልጠጣውን የሚያሳየው መስመር እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ግትርነቱ ሽቦው ሲወፍርና ሲያጥር በፍጥነት ስለሚጨምር በግድየለሽነት የተመረጠ ወፍራም ሽቦ ያለበትን ፒያኖ የትኛውም ቃኚ አጥርቶ ሊቃኘው አይችልም።

ሦስቱ የአንድ ቁልፍ አውታሮች እርስ በርስ ይነጋገራሉ። የፊዚክስ ሊቁ ጋብሪኤል ዋይንራይክ በ1977 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው የፒያኖ ድምፅ በሁለት ደረጃ ይሞታል፦ መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ቀጭን ጅራት ሆኖ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ያንን ጅራት የሚሰጡት አውታሮቹ በብርኩማው በኩል ኃይል እየተቀባበሉ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ከአንድ ዓይነት ሽቦ፣ ቢቻል ከአንድ ጥቅል ቢቆረጡ ይመረጣል።

በአብዛኞቹ ፒያኖዎች ላይ ሁለት አውታር የሚመስለው አንድ ሽቦ ነው። ከአንዱ የመቃኛ ፒን ተነሥቶ ከኋላ ባለው ችንካር ዞሮ ወደ ሌላው ፒን ይመለሳል። ቦዘንዶርፈርን የመሰሉ ሠሪዎች ግን እያንዳንዱን አውታር ለብቻው ቋጥረው ያስራሉ፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላውን ይዞት አይሄድም። የላይፕሲጉ ዩልዩስ ብሉትነር ደግሞ በ1873 መዶሻ የማይነካው፣ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ብቻ የሚያስተጋባ አራተኛ አውታር ለላይኞቹ ድምፆች ጨመረ።

በአግዳሚ ፒያኖ ላይ የግራው ፔዳል ሲረገጥ የቁልፍ ሰሌዳው በሙሉ ወደ ጎን እንደሚሸሽ ያውቁ ኖሯል? መዶሻው ከሦስቱ አውታር አንዱን ይስተዋል።

የድምፅ ከፍታም በሽቦ ምርጫ ውስጥ ይገባል። ፈረንሳይ በ1859 ላን በሰከንድ 435 ንዝረት ላይ ወሰነች፤ ዛሬ የሚሠራበትን 440ን ለንደን ላይ የተደረገው ጉባኤ በ1939 አጸደቀ። ለ435 የተሠራን ፒያኖ በ440 መቃኘት ውጥረቱን በ2.3 በመቶ ይጨምራል፤ በ18 ቶን ላይ ከ400 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ጤነኛ ማዕቀፍ ይችለዋል። የተሰነጠቀ ወይም ያረጀ ከሆነ ግን ሽቦውን በግማሽ ቁጥር ማቅጠን ሸክሙን ከጭማሪው በላይ ያቃልልለታል።

አሮጌዎቹን አውታሮች በአንድ ወገን ብቻ ፈትቶ መጨረስ አደገኛ ነው። ማዕቀፉ አንዱ ጎኑ ባዶ፣ ሌላው ጎኑ ብዙ ቶን የተጫነበት ሆኖ ከቀረ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሁሉም በየተራ ጥቂት ጥቂት ይላላሉ፣ ከዚያ ይወጣሉ። ሠራተኛው ዓይኑን በመነጽር መከለል አለበት፤ 80 ኪሎ ተሸክሞ የነበረ ሽቦ ሲበጠስ ፊት አይመርጥም።

ያረጀ ባስ ሁልጊዜ መጣል የለበትም። ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል የደነዘ ባስ ብዙ ጊዜ በሽታው በመዳቡ ጥምጥሞች መካከል የገባ አቧራና ቆሻሻ ነው። አውታሩን አላልቶ፣ ከችንካሩ አውጥቶ፣ በእጅ እያጠፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማሸትና አንድ ዙር ጠምዝዞ መመለስ አንዳንዴ ሕይወት ይዘራበታል። ወጪው ጥቂት ስለሆነ አዲስ ከመግዛት በፊት ይሞከር።

አንድ ባስ ብቻ ተበጥሶ በአዲስ ሲተካ አዲሱ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ይጮኻል። ይህ የአውታሩ ጥፋት አይደለም፤ ጎረቤቶቹ አርጅተዋል። ብዙዎቹ ባሶች ከደነዙ መላውን ባስ በአንድ ጊዜ መለወጥ ይሻላል፤ አንድ በአንድ የተለዋወጠ ባስ ድምፁ እንደተዥጎረጎረ ይኖራል።

አዲስ ሽቦ እንደሚለጠጥ ያውቁ ኖሯል? አውታሩ የተለወጠለት ፒያኖ በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ መቃኘት ይኖርበታል። ከሳምንታት በኋላ ቅኝቱ ቢወርድ ባለሙያውን አይውቀሱ፤ ሽቦው እየተረጋጋ ነው።

ለእኛ ሀገር አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ ሶፊያ ተምሮ የተመለሰው ግርማ ይፍራሸዋም ፒያኖን ብቻውን ያለ አጃቢ ያሰሙን ናቸው። ብቻውን የሚደመጥ ፒያኖ የሚደበቅበት የለውም፤ ባሱ ደንዝዞ ከሆነ ይሰማል። በአዲስ አበባ ደግሞ በክረምት የድምፅ ሰሌዳው እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ስለሚያብጥ ብርኩማውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ቅኝቱም ከፍ ይላል፤ በበጋ ሲደርቅ ይወርዳል። ይህን የሽቦው ድካም አድርጎ አውታር ለመለወጥ መቸኮል አይገባም። መጀመሪያ በሁለቱም ወቅት ይቃኝ።

በመጨረሻም ልኬት። የባስ ጠምጣሚው ፒያኖው አጠገብ የለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ሀገር ነው። ስለዚህ ባለሙያው አውታሮቹ ሳይፈቱ ረጅም ወረቀት በላያቸው ዘርግቶ በእርሳስ እያሸ የብርኩማውን፣ የችንካሮቹንና የጥምጥሞቹን ጫፍ አሻራ ይወስዳል። የውስጥ ሽቦውንና ጥምጥሙን በማይክሮሜትር ይለካል፤ ዝገት ያለበትን ቦታ ይተዋል፤ መዳቡ አንዳንዴ ሞላላ ስለሚሆን በሁለት አቅጣጫ ይለካዋል። ጥምጥሙ ወደ ብርኩማው ችንካር ከተጠጋ ይነዝራል፣ ከራቀ ደግሞ ክብደቱ ይጎድላል፤ በዚህ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብዙ ነው። ቀደም ሲል አንድ ጊዜ የተለወጠ ፒያኖ ከሆነ ደግሞ ያገኘው ልክ የፋብሪካው ላይሆን ስለሚችል ውጥረቱን ለእያንዳንዱ ድምፅ አስልቶ ያጣራል።

የፒያኖዎን አውታር ሊያስለውጡ ከሆነ የመጀመሪያው አውታር ከመፈታቱ በፊት የልኬቱን ዝርዝር ያሳዩኝ ይበሉ። ዝርዝሩ ከሌለ ሥራው አይጀመር። አሮጌዎቹ ባሶችም አዲሶቹ ታስረው፣ ተቃኝተው፣ እርስዎ ራስዎ ሰምተው እስኪወዷቸው ድረስ በየቁጥራቸው ታስረው ይቀመጡ።